ዊንኤስሲፒ በሌሊት ሥራ ላይ፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ግምገማ

ደብረ ማርቆስ ላይ የምሠራበት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ የእህል ግዥ ጣቢያዎች አሉት። በየጣቢያው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የቀኑ ግዥ በአንድ ፋይል ተጠቃሎ ዋናው ቢሮ መድረስ አለበት፤ ፋይሉ ውስጥ የገበሬው ስም፣ የስልክ ቁጥሩ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ ያስረከበው በቆሎ ወይም ጤፍ በኩንታልና ሊከፈለው የሚገባው ገንዘብ ተጽፏል። ፋይሉ በሰዓቱ ካልደረሰ ክፍያው በማግስቱ አይታዘዝም፤ ክፍያው ካልታዘዘ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ አህያውን ጭኖ የወጣ ገበሬ ገንዘቡን ሳይቀበል ወደ ቀዬው ይመለሳል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አደራ በሌሊት ሲወጣልን ስለቆየው፣ ዊንኤስሲፒ ስለሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ነው፤ በተለይ በየወረዳው ብቻቸውን የቢሮ ኮምፒውተር የሚጠብቁ ባለሙያዎች እኛ በብዙ ድካም የደረስንበትን ሳይደክሙ እንዲያገኙት እፈልጋለሁ።

ቀድሞ ፋይሉ የሚመጣልን በፍላሽ ነበር። የጣቢያዋ ሒሳብ ሠራተኛ ፍላሹን በፖስታ አሽጋ ለሚኒባስ ረዳት ትሰጣለች፣ ረዳቱም መናኸሪያ ለሚጠብቀው ተላላኪያችን ያስረክባል። አንድ ጊዜ ከቡሬ የተላከ ፍላሽ መንገድ ላይ ጠፍቶ የሁለት ቀን ግዥ ከወረቀት ደረሰኝ እንደገና ለመመዝገብ ተገደድን፤ ከድካሙ ይበልጥ ያስጨነቀን ግን የብዙ ገበሬዎችን የባንክ ሒሳብ የያዘው ፍላሽ በማን እጅ እንደገባ አለማወቃችን ነበር። ቀጥሎ ኤፍቲፒ ጀመርን። ኤፍቲፒ አሁን የሚሠራበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጻፈ የቆየ የፋይል መላኪያ ዘዴ ሲሆን፣ በራሱ ምንም ምስጠራ ስለሌለው የይለፍ ቃሉንም ፋይሉንም በመስመሩ ላይ ያደፈጠ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ኤስኤስኤች የሚባለው የተመሰጠረ መገናኛ የተፈጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትዎርክ ላይ የይለፍ ቃል ሲለቀም ከተደረሰበት በኋላ ታቱ ኡሎነን የተባለው ፊንላንዳዊ ተመራማሪ ነው የሠራው። ኤስኤፍቲፒ ደግሞ በዚህ በተመሰጠረ መገናኛ ውስጥ የሚሄድ የፋይል ማስተላለፊያ ነው፤ ስሙ ከኤፍቲፒ ጋር ቢቀራረብም አሠራሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስምና የሒሳብ ቁጥር በግልጽ መስመር መላክ በሕግም የሚያስጠይቅ ሆኗል።

ወደ ኤስኤፍቲፒ ለመሻገር የመረጥነው ዊንኤስሲፒን ነው። ፕሮግራሙን የጀመረው ማርቲን ፕርዚክሪል የተባለ ቼካዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ፣ በነፃ የሚገኝና ምንጩ ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። በጣቢያዎቻችን ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ዊንዶውስ ስለሆኑ ይህ አላስቸገረንም። ብዙ ሰው የሚያውቀው በመስኮቱ በኩል፣ ፋይል ከግራ ወደ ቀኝ በመጎተት ነው፤ እኔ ግን የምገመግመው ያለ ሰው እጅ፣ በትእዛዝ ስክሪፕት ሲሠራ ያለውን ጠባዩን ነው።

ስክሪፕቱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ የእኛ ከስድስት መስመር አይበልጥም። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆኑ እዚህ እንደሚነበቡ አስቀምጣቸዋለሁ። «ኦፕሽን ባች አቦርት» የሚለው መስመር ስህተት ወይም ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሥራው ወዲያው እንዲቆም ያዝዛል። «ኦፕን» ሰርቨሩን፣ ማለትም ፋይሉን የሚቀበለውን ኮምፒውተር፣ ይከፍታል፤ አድራሻው፣ የመለያ ስሙ፣ በይለፍ ቃል ፈንታ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠው የግል ቁልፍ ያለበት ቦታና የሰርቨሩ አሻራ በዚሁ መስመር ይሰጣሉ። «ፑት» ፋይሉን ይልካል፣ «ኤግዚት» ይዘጋል። ይህን ስክሪፕት የሚያስነሳው ፋይል ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል፦ አንደኛው እያንዳንዱ እርምጃ የሚመዘገብበት የሎግ ፋይል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ኢኒ ኑል» የሚባለው፣ በመስኮቱ በኩል ማንም ሰው የለወጠው ማስተካከያ በስክሪፕቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳያደርግ የሚከለክለው ነው። ሁለተኛውን ችላ ያለ ሰው አንድ ቀን ስክሪፕቱ ለምን ጠባዩን እንደቀየረ ሲፈልግ ይውላል። ይህን ሁሉ በቃል ማጥናትም አያስፈልግም፤ በመስኮቱ በኩል አንድ ጊዜ በትክክል ከተገናኙ ፕሮግራሙ ራሱ ያንኑ ግንኙነት ወደ ስክሪፕት ቀይሮ ይሰጣል። እኔም የመጀመሪያውን ስክሪፕት ያገኘሁት በዚህ መንገድ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ ከዚያ እንዲነሳ እመክራለሁ።

ይህን መሣሪያ እንዳምነው ያደረገኝ ስለ ሰርቨሩ አሻራ ያለው ጥብቅነት ነው። እያንዳንዱ የኤስኤስኤች ሰርቨር ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ቁልፍ አለው፤ ከዚህ ቁልፍ የሚወጣው አጭር ጽሑፍ አሻራ ይባላል። ደብዳቤ ሲደርስ ማኅተሙን አይቶ የላኪውን ማንነት እንደ ማረጋገጥ ያለ ነው። በመስኮቱ በኩል ስንገናኝ ፕሮግራሙ አሻራውን አሳይቶ «ይህን ሰርቨር ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም በተጠቃሚው አካውንት ሥር ያስቀምጣል። ሌሊት ግን የሚመልስ ሰው የለም። ስለዚህ አሻራው ስክሪፕቱ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ወይም ከተጻፈው የተለየ ሰርቨር ከመለሰ ዊንኤስሲፒ አንዲት ባይት እንኳ ሳይልክ ያቆማል። ብዙ ባለሙያ «እኔ ስሞክረው ይሠራል፣ በሰዓቱ ብቻውን ሲነሳ ግን እምቢ ይላል» ብሎ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ ቀን በራሱ አካውንት ያጸደቀው አሻራ ሌሊት ሥራውን የሚያስነሳው ሌላ አካውንት ዘንድ አይታወቅም።

አንድ ማለዳ ቢሮ ስገባ ሦስቱም ጣቢያዎች ፋይል አልላኩም። ሎጉን ስከፍት ሦስቱም የቆሙት እዚያው የአሻራ ማረጋገጫው ላይ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት በአሻራው ቦታ ኮከብ ምልክት ብናስገባ ማንኛውንም ሰርቨር ተቀብሎ እንደሚያልፍ ያውቅ ነበርና «ኮከቧን እናስገባትና ፋይሉ ይሂድ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። ምልክቷ በእርግጥ ትሠራለች፣ የፕሮግራሙ መመሪያም ራሱ አደገኛ መሆኗን ያስጠነቅቃል፤ እሷን ያስገባ ሰው ምስጠራውን ይዞ ማኅተሙን ጥሎታል፣ ምክንያቱም የተመሰጠረው ፋይል ለማን እንደሚደርስ አያውቅም። ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ሰው ስልክ ደወልኩ። ለካ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ቁልፉ ተቀይሯል፣ ለእኛ ግን የነገረን አልነበረም። አዲሱን አሻራ በስልክ ፊደል በፊደል አነበበልኝ፣ እኔም በኮምፒውተሬ ከሚታየው ጋር እያመሳከርኩ እስከ መጨረሻው ወረድኩ፤ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በድምፅ መለየት አድካሚ ስለሆነ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደብን። የክፍያው ትእዛዝ በዚያ ቀን ዘግይቷል፣ ግን ያን ሩብ ሰዓት ዛሬም ቢሆን ደግሜ እከፍለዋለሁ።

የመስመር መቆራረጥን በተመለከተ መሣሪያው ጥሩ ታጋሽ ነው። በኤስኤፍቲፒ ሲልክ ከ100 ኪሎባይት በላይ የሆነን ፋይል መጀመሪያ መጨረሻው ላይ «ፋይልፓርት» የሚል ቅጥያ በታከለበት ጊዜያዊ ስም ያስቀምጠዋል፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርስ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ይሰጠዋል። ይህ ለእኛ ብዙ ጠቅሟል፤ ዋናው ቢሮ ያለው የክፍያ ፕሮግራም ግማሹ የመጣ ፋይል አንስቶ ግማሹን ገበሬ ብቻ እንዳይከፍል ይጠብቀናል። ግንኙነቱ ሲቋረጥም እንደገና ለመገናኘት ይሞክራል፤ የሙከራው ጊዜ ካልተነካ 120 ሰከንድ ነው፣ እኛ ግን በክረምት ወራት መስመሩ ለረጅም ደቂቃ ስለሚጠፋ ወደ 900 ሰከንድ ከፍ አድርገነዋል።

ሥራውን በሰዓቱ የሚያስነሳው ዊንኤስሲፒ አይደለም። የራሱ የጊዜ መርሐ ግብር ስለሌለው የዊንዶውስን ታስክ ሼጁለር መጠቀም ግዴታ ነው፤ ችግራችን ሁሉ ከሞላ ጎደል የመጣውም ከዚህ ነው። የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ መላኪያውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርገን ተስማማን፣ በደምበጫ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ሰው ደግሞ እንደተነገረው 8 ብሎ ሞላ። የዊንዶውስ 8 ሰዓት የእኛ የጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ የደምበጫ ፋይል ለብዙ ቀን የሚንቀሳቀሰው የክፍያ ሠራተኞች ወንበራቸው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ሆነ፤ ማስተካከያው 2 ብሎ መሙላት ብቻ ነበር። አሁን በየኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ ወረቀት ለጥፈናል።

ሁለተኛው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው፣ ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ሁሉ ልብ በሉልኝ። ታስክ ሼጁለር ላይ አዲስ ሥራ ሲፈጠር ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ጋር ካልተገናኘ ሥራው እንዳይጀመር የሚያዝዝ ምርጫ በነባሪነት በርቶ ነው የሚመጣው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ሙሉ ባትሪ ይዞ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም እየሠራ፣ ስክሪፕቱ ግን ሳይነሳ ያድራል፤ ስክሪፕቱ ስላልተነሳ ደግሞ የስህተት ሎግ እንኳ አይኖርም። የፍኖተ ሰላሙን ጣቢያ በዚህ ምክንያት ወር ያህል ስንጠረጥረው ቆይተናል። ያን ምርጫ ማጥፋት፣ ከዚያም ያመለጠ ሥራ ኮምፒውተሩ እንደበራ ወዲያው እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። ሁለቱን ካስተካከልን በኋላ መብራት የጠፋባቸው ሌሊቶች ፋይል አላስቀሩብንም።

የአማርኛ የፋይል ስም ይሠራል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው፣ ግን ስክሪፕቱ ራሱ የአማርኛን ፊደል መያዝ በሚችለው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ 8፣ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ «ቡሬ» የሚለው ስም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ያርፋል። ቀኑን በተመለከተ ፕሮግራሙ የዕለቱን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ራሱ መጨመር ይችላል፤ የሚጨምረው ግን የፈረንጆቹን ቀን ነው። መጀመሪያ ላይ ሒሳብ ክፍል በኢትዮጵያ ቀን፣ ስክሪፕቱ በፈረንጅ ቀን ሲሰይሙ በጳጉሜን ሰሞን ትልቅ መደናገር ተፈጠረ፣ የአንዱ ቀን ፋይል የሌላው እየመሰለ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። በመጨረሻ የፋይሉ ስም በፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ቀን ቅደም ተከተል በአኃዝ ብቻ እንዲሆን፣ የሰነዱ ውስጥ ግን በእኛው አቆጣጠር እንዲቀጥል ተስማማን። የስሙ ቅደም ተከተል ፋይሎቹን በራሱ ስለሚደረድር ተጨማሪ ማጣሪያ አላስፈለገም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። «ዲሊት» የምትባል ተጨማሪ ምርጫ አለች፣ ትርጉሟም እንደገባችበት ትእዛዝ ይለያያል። ከ«ፑት» ጋር ስትገባ ፋይሉ ከተላከ በኋላ ዋናውን ከላኪው ኮምፒውተር ታጠፋለች። ሁለት ፎልደሮችን ከሚያመሳስለው «ሲንክሮናይዝ» ጋር ስትገባ ደግሞ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ትጠርጋለች። የአንዱ ጣቢያ ኮምፒውተር ተበላሽቶ አዲስ ሲተካ ባዶ ፎልደር ይዞ ነው የሚጀምረው፤ በዚያ ሌሊት «ሲንክሮናይዝ» ከ«ዲሊት» ጋር ቢሠራ የዓመቱን መዝገብ ሁሉ ከሰርቨሩ ላይ በታዘዘው መሠረት ያጸዳዋል። እኛ ዘንድ ይህ ሳይደርስ የቀረው ትእዛዙን መጀመሪያ «ፕሪቪው» በሚለው ምርጫ ስለሞከርኩት ነው፤ ይህ ምርጫ ምንም ሳይነካ ሊሠራ ያሰበውን ብቻ ይዘረዝራል። የዝርዝሩን ርዝመት ሳይ እጄን ሰበሰብኩ። የሰው ገንዘብ ያለበት ፋይል በሚተላለፍበት ቦታ ይህችን ምርጫ ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ዲስክ ከሞላ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ ያጥፋ።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ዝምታ ነው። ፕሮግራሙ ሥራው ሲሳካ 0፣ ሲሰናከል 1 የሚል የመውጫ ቁጥር ይተዋል፣ ግን ይህን ቁጥር አንብቦ ለሰው የሚነግር ነገር ራሳችን መጻፍ አለብን። በዚያ ላይ የተፈለገው ፋይል ጭራሹኑ ካልተፈጠረ፣ ማለትም የሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቡን ሳትዘጋ ከሄደች፣ ስክሪፕቱ የሚልከው ነገር አጥቶ በሰላም እንዳይወጣ «ፌይል ኦን ኖ ማች» የሚለውን ምርጫ ማብራት ይገባል። ይህ ከበራ ባዶ ሌሊት እንደ ስህተት ይቆጠራል፣ ትክክልም ነው። እኛ ቁጥሩ 1 ሲሆን ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ በቀይ የተጻፈ መልእክት ጠዋት ስክሪኑ ላይ ጠብቆ እንዲታይ አድርገናል። የቡሬዋ ሒሳብ ሠራተኛ ዕድሜያቸው ከእናቴ ጋር የሚቀራረብ እትዬ ናቸው፤ መጀመሪያ ሰሞን በየጠዋቱ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ የማታው ገባልህ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ቀዩን መልእክት ካስገባን ወዲህ የሚደውሉልኝ እሱን ያዩ ቀን ብቻ ነው።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሳነጻጽረው፦ ፋይልዚላ በአገራችን በደንብ ይታወቃል፣ በመስኮት ለሚሠራ ሰውም መልካም ነው፣ በስክሪፕት ፋይል ማስተላለፍ ግን አይችልም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ኦፕንኤስኤስኤች የሚባሉትን የኤስኤስኤች መሣሪያዎች ይዞ ስለሚመጣ «ኤስኤፍቲፒ» የሚለውን ትእዛዝ ምንም ሳይጭኑ በስክሪፕት ማሠራት ይቻላል፤ ለአንድ ፋይል በቂ ነው፣ ሆኖም ፎልደር የማመሳሰል ችሎታ የለውም፣ ሎጉም የዊንኤስሲፒን ያህል አይዘረዝርም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ያለው ሰው ደግሞ ዊንኤስሲፒን መመኘት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርሲንክ የተባለው ፋይል ማመሳሰያ የተለወጠውን የፋይል ክፍል ብቻ ስለሚልክ በቀጭን መስመር ላይ የሚወዳደረው አላየሁም።

ጉድለቱን አልሸሽግም። መመሪያው ሰፊና በምሳሌ የበለጸገ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ በወረዳ ደረጃ ያለ ሠራተኛ ሎጉን ከፍቶ ምን እንደተሳሳተ ለመረዳት ይቸገራል። እኔ በተደጋጋሚ የሚመጡትን ስህተቶች በአማርኛ ተርጉሜ ለየጣቢያው በወረቀት አድያለሁ። ሌላው የይለፍ ቃልን ስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ የሚፈቅድ መሆኑ ነው፤ ሎጉ የይለፍ ቃሉን ሳይነገረው አይጽፍም፣ ስክሪፕቱ ውስጥ የተጻፈውን ግን ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ከይለፍ ቃል ይልቅ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱን የግል ቁልፍ አዘጋጅተናል፤ ሰርቨሩ ላይም እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ፎልደር ብቻ እንጂ የሌላውን እንዳያይ ተደርጓል። ሦስት ቁልፍ ማዘጋጀት ለአንድ ከሰዓት በኋላ አድካሚ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

ባለፈው የግዥ ወቅት የአንዱ ጣቢያ ላፕቶፕ ተሰረቀ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኩ እንደደረሰኝ ሰርቨሩ ላይ የተፈቀዱ ቁልፎች ከተዘረዘሩበት ፋይል የዚያን ጣቢያ አንድ መስመር አጠፋሁ፤ ሌባው ላፕቶፑን ቢከፍተው እንኳ በእጁ ያለው ቁልፍ ምንም አይከፍትም። ለምትኩ ኮምፒውተር አዲስ ቁልፍ ሠርተን ማታውኑ አስገባን። የሌሎቹ ሁለት ጣቢያዎች ስክሪፕት ምንም ሳይነካ በዚያው ሌሊት በ8 ሰዓት ፋይላቸውን ላኩ።